ከፊላዴልፊያ እስከ ፍኖተ ሰላም፦ የአንድ ስብራት ታሪክ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባሉ ቆላማ ቀበሌዎች ጣፊያው ያበጠ ሰው ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ወባ ደጋግሞ የጣለው ገበሬ ጣፊያው ያብጣል። ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ወርዶ ካላዛር ይዞት የተመለሰ ወጣትም እንዲሁ። ስለዚህ አንድ ሰው በግራ ጎኑ ጠጣር ነገር ሲዳስስ፣ ሌሊት ሲያልበው፣ ጥቂት በልቶ ሲጠግብና ሰውነቱ ሲከሳ ቤተሰቡም ጤና ጣቢያውም መጀመሪያ የሚጠረጥሩት እነዚህን በሽታዎች ነው። መጠርጠራቸውም ተገቢ ነው፤ በአካባቢው የሚበዙት እነሱ ናቸውና። የጥቂቶቹ ሕመም ግን ከትንኝም ከአሸዋ ዝንብም የመጣ አይደለም። በመቅኔያቸው ውስጥ፣ በአንዲት ሕዋስ ውስጥ፣ ሁለት ክሮሞዞሞች ተሰብረው ስባሪያቸውን ተለዋውጠዋል። ያቺ ሕዋስም ያለ ልክ ተራብታ ደሙን ሞልታዋለች።

ስለ ደም ካንሰር ብዙዎቻችን የምናውቀው ቁርጥራጭ ነገር ነው። አንዱ “መድኃኒት የለውም” ሲባል ሰምቷል። ሌላው ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በነፃ የሚሰጥ እንክብል እየዋጠ ዓመታት የኖረ ዘመድ አለው። ሌላው ደግሞ ታመመ በተባለ በሳምንታት ውስጥ የተቀጠፈ ልጅ ቀብሯል። ሁሉም ያዩትና የሰሙት እውነት ነው። እንዴት ሁሉም እውነት ሊሆን እንደቻለ የሚገባን ታሪኩን ከሥሩ ስንከተለው ነው። የደም ካንሰር በአንድ ስም የሚጠሩ ብዙ በሽታዎች ናቸው፤ የታማሚው ዕጣ ፈንታም በእጅጉ የሚወሰነው የትኛው ክሮሞዞም የት ላይ እንደተሰበረ በጊዜ በመታወቁ ነው። ይህን ለማወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1845–1914፦ ነጩ ደም

በ1845፣ በእኛ አገር ዘመነ መሳፍንት ገና ሳያበቃ፣ ሁለት የአውሮፓ ሐኪሞች በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ስለ ተመሳሳይ አስከሬን ጻፉ። በስኮትላንድ ኤዲንብራ ጆን ሂዩዝ ቤኔት የመረመረው የ28 ዓመት ጣሪያ ሠሪ ነበር፤ ጣፊያው ከመጠን በላይ አብጦ ሞቷል፤ ደሙም መግል የተቀላቀለበት ይመስላል። ቤኔት ደሙ ራሱ መግል ሆኗል ብሎ ደመደመ። በበርሊን ቻሪቴ ሆስፒታል ደግሞ የ24 ዓመቱ ሩዶልፍ ቪርሾ የአንዲት ወጥ ቤት ሠራተኛ ደም በማይክሮስኮፕ አየ። መግል የሚያመጣ ቁስል በሰውነቷ አላገኘም፤ ያገኘው ነጭ የደም ሕዋሳት ከቀዮቹ ጋር ያላቸው ሚዛን መገልበጡን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በሽታውን ሉኪሚያ ብሎ ሰየመው።

ቪርሾ መንስኤውን አያውቅም ነበር፤ አላውቅም ብሎም ነገሩን ክፍት ተወው። ይህ ጥንቃቄው ጥያቄው እንዳይዘጋ አድርጓል። በ1860ዎቹ መጨረሻ ኤርንስት ኖይማን የደም ሕዋሳት የሚሠሩት በአጥንት መቅኔ ውስጥ መሆኑን አሳየ፤ በሽታውም ከዚያ እንደሚነሣ ታወቀ። ቀጥሎ የሕዋሳት ማቅለሚያዎች ተሻሻሉና በሕዋስ እምብርት ውስጥ ያሉት ክር መሰል ነገሮች፣ ክሮሞዞሞች፣ መታየት ጀመሩ። በ1890 ጀርመናዊው ዳቪድ ፎን ሃንዘማን የካንሰር ሕዋሳት ሲከፈሉ ክሮሞዞሞቻቸውን እኩል እንደማያካፍሉ ጻፈ።

የመጀመሪያው ትልቅ መታጠፊያ የመጣው ግን ካንሰርን ሳይሆን የባሕር እንስሳ እንቁላልን ይመረምር ከነበረ ሰው ነው። ቴዎዶር ቦቬሪ በአንድ እንቁላል ውስጥ ሁለት የወንድ ዘር ሲገባ ክሮሞዞሞች ተዛብተው እንደሚከፋፈሉ፣ ከዚያ የሚወጣው ጽንስም ቅጥ እንደሚያጣ አየ። ከዚህ ተነሥቶ በ1914 ባሳተመው መጽሐፍ ካንሰር የሚጀምረው ክሮሞዞሞቿ በተዛቡባት በአንዲት ሕዋስ ነው ሲል ጻፈ። በማግስቱ ዓመት ሞተ። ሐሳቡን የሚያረጋግጥ መሣሪያ በዘመኑ ስላልነበረ ቃሉ ለ46 ዓመታት መላ ምት ሆኖ ቆየ።

1918–1956፦ የስንዴው ታውቆ የሰው ሳይታወቅ

ዛሬ በአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል የሚሠራ የዘር ባለሙያ የዱረም ስንዴ ሕዋስ 28 ክሮሞዞም፣ የዳቦ ስንዴ 42፣ ጤፍ ደግሞ 40 እንዳለው ሳያመነታ ይናገራል። የስንዴዎቹ ቁጥር በጃፓናዊው ቴትሱ ሳካሙራ የታወቀው በ1918 ነው። የሰው ልጅ ክሮሞዞም ቁጥር ግን በዚያ ዘመን አልታወቀም፤ ከዚያም በስሕተት ጸና። ቴዎፊለስ ፔይንተር የተባለ አሜሪካዊ በ1923 ቁጥሩ 48 ነው አለ፤ የሚቀጥሉት ተመራማሪዎች ሁሉ እያዩም 48 ቆጠሩ።

ምክንያቱ ክሮሞዞሞቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረው መታየታቸው ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቲ. ሲ. ሹ ሕዋሳቱ ጨው ባነሰው ፈሳሽ ሲታጠቡ እንደሚያብጡና ክሮሞዞሞቹም ተበታትነው ጥርት ብለው እንደሚታዩ አስተዋለ፤ ግኝቱ የመጣው ፈሳሹ በስሕተት ቀጥኖ በመዘጋጀቱ ነው። ይህን ዘዴ ይዘው በስዊድን ሉንድ ጆ ሂን ቲዮና አልበርት ሌቫን በ1956 ትክክለኛውን ቁጥር አሳተሙ፤ 46። ጤናማው ቁጥርና ቅርጽ ሳይታወቅ የታመመውን መለየት አይቻልምና የካንሰር ክሮሞዞም ጥናት በእውነት የተጀመረው ከዚህ ዓመት ነው።

በዚሁ ዘመን፣ በ1954፣ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የጤና መኮንኖችን አሠልጥኖም ወደ ገጠሩ አገር ማሠማራት ጀመረ። ሥራቸው ከወባ፣ ከታይፈስና ከፈንጣጣ ጋር መታገል ነበር። ያበጠ ጣፊያ አይተው ከወባ ውጭ ሌላ ቢጠረጥሩ እንኳ የሚያረጋግጡበት መንገድ አልነበራቸውም።

1960፦ ትንሿ ክሮሞዞም

ፒተር ናውል ከባሕር ኃይል አገልግሎት ተመልሶ በፊላዴልፊያ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የሉኪሚያ ሕዋሳትን ማጥናት ጀመረ። ክሮሞዞም የእሱ ሙያ አልነበረም። ሕዋሳቱ ያረፉበትን መስታወት በቧንቧ ውኃ ሲያጥብ ግን የሹ ዓይነት ዕድል ገጠመው፤ ሕዋሳቱ አበጡ፣ ክሮሞዞሞቹ ተገልጠው ታዩ። ያየውን የሚያነብለት ሰው ሲፈልግ በከተማው ፎክስ ቼዝ የካንሰር ምርምር ተቋም የሚሠራውን ዴቪድ ሃንገርፎርድን አገኘ።

አንድ እንቅፋት ነበረ። ክሮሞዞም የሚታየው ሕዋስ ሲከፈል ብቻ ነው፤ በደም ሥር የሚዘዋወሩት ጤናማ ነጭ ሕዋሳት ደግሞ በብዛት አይከፈሉም። ናውል ከቀይ ቦሎቄ የሚወጣ አንድ ንጥረ ነገር እነዚህን ሕዋሳት ቀስቅሶ እንደሚያከፋፍል በዚያው ዓመት አረጋገጠ። ንጥረ ነገሩ በላቦራቶሪ የነበረው ቀይ የደም ሕዋሳትን አጣብቆ ከነጮቹ ለመለየት ነበር፤ ሌላ ጉልበት እንዳለው ማንም አላሰበም። ከዚያ ወዲህ ከክንድ በሚቀዳ ጥቂት ደም የሰውን ክሮሞዞም መመርመር ተቻለ። በእኛ ገበሬ ማሳ የሚበቅለው የቦሎቄ ዝርያ በዓለም የክሮሞዞም ላቦራቶሪዎች ውስጥ እስከ ዛሬ ያገለግላል።

በ1960 መጨረሻ ሁለቱ ሰዎች በሳይንስ መጽሔት ላይ አጭር ማስታወሻ አወጡ። ዝግ ብሎ በሚያድገው ማይሎይድ ሉኪሚያ የተያዙ 7 ሰዎች ሕዋሳት ውስጥ አንዲት ከልኳ በታች ያነሰች ክሮሞዞም አግኝተዋል። በጤናማ ሰው ሕዋስ የለችም፤ በሌላ ዓይነት ሉኪሚያም አላገኟትም። በከተማዋ ስም ፊላዴልፊያ ክሮሞዞም ተባለች። ቦቬሪ ያለው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይን ታየ፤ አንድ የካንሰር ዓይነት ከአንድ የክሮሞዞም ጉድለት ጋር በቋሚነት ተያያዘ።

ሆኖም ብዙ ሊቃውንት አላመኑም። ክሮሞዞሟ የበሽታው ምክንያት ትሁን ወይስ ከበሽታው የተከተለች ጉዳት? የጎደለው ክፍል የት ሄደ? የዘመኑ ማቅለሚያ ክሮሞዞሞቹን ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም ስለሚቀባቸው መልስ መስጠት አልቻለም። ለታማሚው የሚሰጠው ቡሱልፋን የተባለ መድኃኒትም የሕዋሱን ቁጥር ያወርዳል እንጂ በሽታውን አያስቆመውም ነበር። ጥቂት ዓመታት ረገብ ብሎ ይቆይና በድንገት ወደ ኃይለኛው ደረጃ ይሸጋገራል፤ ያልበሰሉ ሕዋሳት ደሙን ያጥለቀልቁታል፤ ሰውየውም በወራት ውስጥ ይሞታል።

1972–1977፦ የጎደለው ክፍል ተገኘ

በ1970 አካባቢ በስዊድን ቶርቢዮርን ካስፐርሶንና ባልደረቦቹ ክሮሞዞሞችን ባለ መስመር የሚያደርግ ማቅለሚያ አገኙ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ክሮሞዞም የራሱ መለያ መስመሮች ኖሩት፤ የተሰበረውን ብቻ ሳይሆን ስባሪው የት እንደተጣበቀም ማየት ተቻለ።

ይህን ዕድል የተጠቀመችበት የቺካጎዋ ሐኪም ጃኔት ራውሊ ናት። የአራት ወንዶች ልጆች እናት ነበረች፤ ልጆቿን ለማሳደግ ስትል ለዓመታት በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ትሠራ ነበር። የክሮሞዞሞቹን ፎቶግራፍ ወደ ቤቷ ወስዳ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋዋለች፤ በመቀስ እየቆረጠችም ጥንድ ጥንዱን ታሰልፋለች። በ1972 በአጣዳፊ ማይሎይድ ሉኪሚያ የተያዙ ሰዎችን ፎቶ ስታገጣጥም 8ኛውና 21ኛው ክሮሞዞም ስባሪያቸውን ተለዋውጠው አገኘቻቸው። ከዚያ ወደ ፊላዴልፊያዋ ክሮሞዞም ተመለሰች። ከ22ኛው ክሮሞዞም የጎደለው ክፍል አልጠፋም፤ 9ኛው ጫፍ ላይ ተቀጥሎ ነበር። ግኝቷን በ1973 በኔቸር መጽሔት አወጣችው። በ1977 ደግሞ በፈጣን የደም መፍሰስ በሚገድለው ፕሮማይሎሲቲክ ሉኪሚያ ውስጥ የ15ኛውንና የ17ኛውን መለዋወጥ ጨመረች።

ራውሊ ሦስት በሽታዎችን በሦስት ስብራቶች ለየች። ከእሷ በፊት ሐኪሙ ሉኪሚያን የሚለየው በሕዋሱ መልክና በፍጥነቱ ነበር። ከእሷ በኋላ እያንዳንዱ ስብራት የራሱ በሽታ፣ የራሱ ትንበያና ውሎ አድሮም የራሱ ሕክምና ያለው ሆነ። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሥራ የጀመረውም በእነዚሁ 1970ዎቹ መባቻ ነው፤ የግኝቱና የሆስፒታሉ መንገድ እስኪገናኝ ግን ገና 30 ዓመት ይቀር ነበር።

1976–1990፦ ከስብራቱ ወደ ዘረ መሉ

ቀጣዩ ፍንጭ ከአፍሪካ መጣ። ዴኒስ ቡርኪት በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል የሚሠራ የአየርላንድ ቀዶ ሐኪም ነበር። የሕፃናትን መንጋጋ የሚያሳብጥ ኃይለኛ ዕጢ ደጋግሞ አጋጠመው፤ በ1958ም ጻፈበት። በ1961 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ከምሥራቅ እስከ ደቡብ አፍሪካ 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዞ በሽታው የት እንዳለና የት እንደሌለ መዘገበ። በወባማው ሞቃት ቆላ ይበዛል፤ ከ1,500 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ግን እምብዛም አይታይም። ይህ ዕጢ በሰው ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ሁሉ በፍጥነት የሚያድግ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

በ1976 ሎሬ ሴክና የስዊድን ባልደረቦቿ በዚህ ዕጢ ውስጥ 8ኛውና 14ኛው ክሮሞዞም መለዋወጣቸውን አሳዩ። በ1982 ደግሞ ምሥጢሩ ተፈታ። በ8ኛው ላይ ሕዋስ እንዲከፈል የሚያዝ ሚክ የተባለ ዘረ መል አለ። ስብራቱ እሱን ወስዶ ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩ ዘረ መሎች ባሉበት በ14ኛው ላይ ያስቀምጠዋል፤ እዚያ ያለው ማዘዣ ደግሞ በእነዚያ ሕዋሳት ውስጥ ዕረፍት የለውም። ዘረ መሉ ቦታ በመለወጡ ብቻ ሕዋሱ ሳያቋርጥ እንዲከፈል አደረገው።

በዚያው ዓመት የሆላንድና የአሜሪካ ተመራማሪዎች የፊላዴልፊያዋ ክሮሞዞም ላይ ኤብል የተባለ ዘረ መል ከ9ኛው ተነሥቶ 22ኛው ላይ እንዳረፈ አገኙ። በ1984 ያረፈበት ስፍራ፣ ቢሲአር የተባለው፣ ተለየ። ሁለቱ ተጣብቀው በጤናማ ሰው ውስጥ የሌለ አዲስ ፕሮቲን ይሠራሉ። ጤናማው ኤብል ልክ እንደ ቆጋ የመስኖ ቦይ መዝጊያ አለው፤ ሲያስፈልግ ይከፈታል፣ ሲበቃ ይዘጋል። የተጣበቀው ፕሮቲን ግን መዝጊያው የተሰበረ ነው፤ “ተከፈል” የሚለው ትእዛዝ ቀንም ሌትም ይፈስሳል። በ1990 ጆርጅ ዴሊና ባልደረቦቹ ይህን ዘረ መል በአይጥ መቅኔ ውስጥ አስገቡ፤ አይጦቹም ሉኪሚያ ያዛቸው። በ1960 የተነሣው ጥያቄ መልስ አገኘ። ስብራቱ የበሽታው ምክንያት ነው።

1985–2013፦ ከሞት አፋፍ የተመለሰው በሽታ

ከደም ካንሰሮች ሁሉ በጣም የሚፈራው ፕሮማይሎሲቲክ ሉኪሚያ ነበር። ኖርዌያዊው ሌይፍ ሂለስታድ በ1957 ሲገልጸው ከአጣዳፊ ሉኪሚያዎች ሁሉ የከፋ ብሎታል። ታማሚው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ይሞታል።

በ1985 በሻንጋይ ዋንግ ዠንዪ የተባለ ሐኪም ከቫይታሚን ኤ የሚሠራ አትራ የተባለ መድኃኒት በዚህ በሽታ ተይዛ ለሞት ለተቃረበች የ5 ዓመት ልጅ ሰጠ። ሐሳቡ ሕዋሱን መግደል አልነበረም፤ እድገቱ የቆመውን ሕዋስ አብስሎ ወደ ትክክለኛ መንገዱ መመለስ ነበር። ልጅቷ ዳነች። በ1988 ቡድኑ የ24 ታማሚዎችን ውጤት አሳተመ፤ 23ቱ በዚህ መድኃኒት ብቻ ከበሽታው ምልክት ነፃ ሆኑ። በሐርቢን ከተማ ደግሞ ዣንግ ቲንግዶንግ በቻይና ባህላዊ ሕክምና ይታወቅ የነበረውን አርሴኒክ ለዚሁ በሽታ መጠቀም የጀመረው ከዚያ በፊት በ1970ዎቹ ነበር።

አትራ ለምን በዚህ በሽታ ላይ ብቻ እንደሚሠራ የታወቀው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ራውሊ ያየችው የ15ኛውና የ17ኛው መለዋወጥ የሚሰብረው ዘረ መል የቫይታሚን ኤን መልእክት የሚቀበለው ራሱ ሆኖ ተገኘ። በ2013 በወጣ የአውሮፓ ጥናት ሁለቱን መድኃኒቶች በጋራ ከወሰዱት ታማሚዎች 97 በመቶው ከሁለት ዓመት በኋላ በሽታው ሳያገረሽባቸው ተገኙ። ነገር ግን መድኃኒቱ የሚያድነው ያን ስብራት የተሸከመውን ሰው ነው፤ የሚያድነውም ደም መፍሰሱ ሳይቀድም ከተሰጠ ነው። ሐኪሙ ውጤት ሳይጠብቅ በጥርጣሬ ብቻ እንዲጀምረው የሚመከረው ለዚህ ነው።

1996–2001፦ እንክብሉ

በስዊዘርላንድ ሲባ ጋይጊ ኩባንያ ኒኮላስ ላይደንና የኬሚስትሪ ባለሙያው ዩርግ ሲመርማን የኤብልን ሥራ የሚዘጋ ውሑድ ሠሩ። በአሜሪካ ኦሬገን ደግሞ ሐኪሙ ብራያን ድሩከር ሞከረው፤ የፊላዴልፊያ ክሮሞዞም ያለባቸውን ሕዋሳት ይገድላል፤ ጤናማዎቹን ብዙም አይነካም። ውጤቱ በ1996 ታተመ። ኩባንያው ከሌላ ጋር ተዋሕዶ ኖቫርቲስ ሲሆን ሥራው ሊዘነጋ ተቃርቦ ነበር፤ በሽታው ብርቅ ነው፣ ገበያው ጠባብ ነው የሚል ሐሳብ ነበረና። ድሩከር አጥብቆ ወተወተ።

በሰው ላይ የተደረገው ሙከራ በ1998 ተጀመረ። በቀን 300 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱት 54 ታማሚዎች 53ቱ የደማቸው ቁጥር ወደ ጤናማው ተመለሰ። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በግንቦት 2001 ኢማቲኒብን፣ በገበያ ስሙ ግሊቬክን፣ ፈቀደ። ይህን እንክብል ከጅምሩ የወሰዱ ታማሚዎች ከ10 ዓመት በኋላ 83 በመቶ ያህሉ በሕይወት ነበሩ። ቀድሞ ሦስት አራት ዓመት ብቻ የሚሰጠው በሽታ በየዕለቱ እንክብል እየተዋጠ አብሮ የሚኖሩት ሆነ። መድኃኒቱ የተነደፈው በአንድ ስብራት ልክ ስለሆነ ለአብዛኞቹ ሌሎች የሉኪሚያ ዓይነቶች መፍትሔ አልሆነም። ወደ ኃይለኛው ደረጃ ለተሻገረ ሰው ደግሞ ፋታው አጭር ነው፤ ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ያገረሽባቸዋል።

2002–2015፦ ጥቁር አንበሳ

የእንክብሉ የአንድ ዓመት ዋጋ በአስር ሺዎች ዶላር ይቆጠር ነበር። ለጎጃም ገበሬ የሌለ ያህል ነው። በ2002 ግን ኖቫርቲስ ከማክስ ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ መክፈል ለማይችሉ ታማሚዎች ግሊቬክን በነፃ የሚያቀርብ ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር ጀመረ። ማክስ ፋውንዴሽን በዚሁ ሉኪሚያ በሞተ ወጣት መታሰቢያነት በ1997 የተቋቋመ ድርጅት ነው። መርሐ ግብሩ ወደ ኢትዮጵያም መጣ፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የደም ሕክምና ሐኪሙ ዶ/ር አምሃ ገብረመድኅንና ባልደረቦቻቸው የታማሚዎቹ መዳረሻ ሆኑ።

ሆስፒታሉ ከባዶ አልተነሣም። በ1990 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ በአዋቂ ኢትዮጵያውያን ላይ ስለሚታየው ሉኪሚያ ጥናት ወጥቶ ነበር፤ ሐኪሞቹ በሽታውን ያውቁታል፣ ይለዩታል። የጎደላቸው መድኃኒቱ ነበር። እንክብሉ ሲመጣ ደግሞ ሌላው ጉድለት ጎልቶ ታየ። መድኃኒቱን ለማግኘት ታማሚው የፊላዴልፊያ ክሮሞዞም እንዳለበት መረጋገጥ አለበት፤ የክሮሞዞም ምርመራ ግን በመንግሥት ሆስፒታሎች የተለመደ አልነበረም። በአውሮፓና በአሜሪካ ስብራቱ ታይቶ ከ41 ዓመት በኋላ እንክብሉ ተገኘ፤ በእኛ አገር እንክብሉ ቀድሞ ገብቶ ምርመራው ተከተለ።

ሌላው ጉድለት ርቀት ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ አዲስ አበባ ወደ 387 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመካከሉ የዓባይ በረሃ አለ። ከአዴት የሚነሣ ሰው ከዚያም ይርቃል። መድኃኒቱ በነፃ ቢሰጥም የመሳፈሪያው፣ የማደሪያውና የሥራው ኪሳራ በነፃ አይደለም። ቀጠሮው በአጨዳ ወቅት ሲውል ሰብሉ ወይም ሕክምናው ይቀራል። እንክብሉ ደግሞ መቋረጥን አይወድም፤ ለጥቂት ሳምንት ሲዘነጋ በሽታው ዕድል ያገኛል፤ ሕዋሳቱም መድኃኒቱን የሚቋቋሙበት አዲስ ለውጥ ሊፈጥሩ ይችላሉ። ብዙ ታማሚዎች ጠበል ይጠመቃሉ፤ ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር ማስኬድ ይቻላል፤ የሚጎዳው አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል ነው። እንክብሉ ከምግብና ከብዙ ውኃ ጋር ስለሚወሰድ በጾም ወራት ሰዓቱን ከሐኪም ጋር መነጋገር ያሻል።

ለሕፃናቱ ደግሞ ቤተሰቦች ተነሡ። በ4 ዓመቱ በሉኪሚያ በተቀጠፈው ማቲዎስ ወንዱ መታሰቢያነት ወላጆቹ በ2004 ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ። በ2013 የአሜሪካው አስላን ፕሮጀክት ከጥቁር አንበሳ ጋር ሆኖ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችን በሕፃናት ደምና ካንሰር ሕክምና ማሠልጠን ጀመረ። በ2015 የጤና ሚኒስቴር ብሔራዊ የካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ አወጣ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ኢማቲኒብንና አትራን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባ። የራውሊ ሁለት ስብራቶች ሁለቱም መድኃኒታቸው ድሃ አገር ሊያገኘው የሚገባ ተብሎ ተመዘገበ።

2016–እስከ ዛሬ፦ ምርመራው ወደ ታማሚው ሲሄድ

የመጨረሻው መታጠፊያ ከምርመራው ወገን መጣ። በሲያትል ጄሪ ራዲችና ባልደረቦቹ የተጣበቀውን ዘረ መል ወረቀት ላይ ከደረቀ የደም ጠብታ መለየት እንደሚቻል አሳዩ። የደረቀ ደም በረዶ አይፈልግም፤ በፖስታ ይላካል። በ2021 ራዲችና የጥቁር አንበሳ ሐኪሞች፣ ዶ/ር ፍሥሐጽዮን ታደሰና ዶ/ር አምሃ ከእነሱ መካከል ሆነው፣ ኢማቲኒብ የማይሠራላቸው ኢትዮጵያውያን ታማሚዎች በዘረ መላቸው ላይ ምን ዓይነት ለውጥ እንደተፈጠረ የሚያሳይ ጥናት አሳተሙ። ይህ ለታማሚው ቀጥተኛ ትርጉም አለው፤ የለውጡ ዓይነት ከታወቀ ቀጣዩ መድኃኒት የትኛው እንደሆነ ይታወቃል።

ሁለተኛው መሣሪያ ጂን ኤክስፐርት ነው። በየሆስፒታሉ የሳንባ ነቀርሳን ለመመርመር የተዘረጋው ይህ ማሽን ለዚህ በሽታ የተሠራ ካርትሪጅ ሲሰጠው የፊላዴልፊያን ስብራት በሰዓታት ውስጥ ያነባል። በ1960 ሁለት ሊቃውንት ያደከማቸውን ነገር አሁን የሠለጠነ የላቦራቶሪ ባለሙያ በአንድ ጠዋት ይሠራዋል። ካርትሪጁ ግን በየዞኑ ሆስፒታል አይገኝም።

በጎንደርና በባሕር ዳር ሪፈራል ሆስፒታሎች የካንሰር ሕክምና መጀመሩ ለምዕራብ ጎጃም ሰው መንገዱን አሳጥሮለታል፤ አዴት ከባሕር ዳር 42 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ ይህንኑ አጭር መንገድ መልሶ አርዝሞታል። መንገድ ሲዘጋ በየወሩ እንክብል የሚቀበል ሰው ይቋረጥበታል፤ ኬሞ የጀመረ ልጅ ዙሩ ያልፈዋል።

ኃይለኞቹ ሉኪሚያዎች ገና ከኋላ ናቸው። ዝግ ብሎ የሚያድገው በሽታ ወራት ይታገሣል፤ አጣዳፊው አይታገሥም። አፍንጫው የሚነስረው፣ ቆዳው የሚበልዝ፣ ትኩሳቱ የወባ መድኃኒት ወስዶም የማይበርድ ሰው በሪፈር ወረቀት ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ሲዞር ቀኑ ያልቃል። በዚህ ውስጥ ከሻንጋይ ጀምሮ መዳን የሚችለው ፕሮማይሎሲቲክ ሉኪሚያም አለ፤ ሳይለይ ካለፈ ግን ሞቱ ከሌላው ጋር “በደም ካንሰር” ተብሎ ይቆጠራል።

ቪርሾ በ1845 የተጠቀመበት መሣሪያ፣ ማይክሮስኮፕ፣ ዛሬ በፍኖተ ሰላምም በቡሬም በአዴትም ሆስፒታል አለ። ወባን የሚፈልገው የላቦራቶሪ ባለሙያ በዚያው መስታወት ላይ የነጭ ሕዋሳቱን ብዛትና መልክ ማየት ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ አዲስ ማሽን አይጠብቅም። ወባም ካላዛርም ያልተገኘበት ያበጠ ጣፊያ ሁሉ ሙሉ የደም ቆጠራ ይደረግለት፤ ያልበሰሉ ነጭ ሕዋሳት የታዩበት ሰው በዚያው ቀን ወደ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ይላክ። ሁለተኛው እርምጃ የጤና ቢሮው ነው፤ ነቀርሳን ለሚያነበው ማሽን የሉኪሚያውን ካርትሪጅ ማቅረብ፣ አትራን በክልሉ ሪፈራል ሆስፒታሎች መደርደሪያ ላይ ማኖር። የ9ኛውና የ22ኛው ክሮሞዞም ስብራት በፊላዴልፊያ ታማሚና በፍኖተ ሰላም ገበሬ ላይ አንድ ነው፤ የሚያክመው እንክብልም አንድ ነው። የሚለያዩት ስብራቱ እስኪታወቅ በሚያልፈው ጊዜ ነው፤ ይህን ጊዜ ማሳጠር ደግሞ በእጃችን ያለ ሥራ ነው።